ለትራክ (ለመኪና እሽቅድምድም ሜዳ) መኪና የሚሆን ራዲያተር እንዴት ይመረጣል?

መኪናችሁ ከተማ ውስጥ አይግልም። ሀይዌይ ላይም አይግልም። ትራክ ላይ ግን ሦስት አራት ዙር እንደሄዳችሁ የሙቀት መርፌው ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። ብዙ ሰው ያኔ የሚያደርገው አንድ ነው። ያገኘውን ወፍራም የአሉሚኒየም ራዲያተር ያዛል። አንዳንዴ ይሳካለታል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ይወጣል፣ መኪናው ደግሞ መጋሉን ይቀጥላል።

ራዲያተር መግዛት ከመጨረሻዎቹ ሥራዎች አንዱ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት መለካት፣ ያለውን መፈተሽ እና አየሩን ማስተካከል አለ። እዚህም የምንሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ለምሳሌ የያዝኩት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትውልድ ማዝዳ ሚያታ ነው። ከ1989 እስከ 2005 በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩትን ማለቴ ነው። ዋጋው የማይጎዳ፣ ቀላል እና አሜሪካ ውስጥ ትራክ ላይ በብዛት የሚታይ መኪና ነው። ዲሲ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የምትኖሩ አንድ ቅዳሜ ወደ ዌስት ቨርጂኒያው ሰሚት ፖይንት ብትወጡ ሳታዩት አትመለሱም። የማቀዝቀዣው ድክመትም በደንብ የታወቀ ስለሆነ ለመማሪያ ይመቻል። ሌላ መኪና ያላችሁም ብትሆኑ ሂደቱ ያው ነው።

1. ትራክ ላይ ምን እንደሚለወጥ እወቁ

ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ወደ ጉልበት የሚቀየረው በግምት ሲሶው ብቻ ነው። ሌላው ሲሶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ከቀረው አብዛኛው ውሃው ውስጥ ይገባል። ያንን ሙቀት ከውሃው ወስዶ ለአየር ማስረከብ የራዲያተሩ ሥራ ነው።

አንድ ትንሽ መኪና ሀይዌይ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያስፈልገው 15 ኪሎ ዋት አካባቢ ነው። የሚያታ 1.8 ሊትር ሞተር ግን ጋዙ እስከ መጨረሻ ሲረገጥ 100 ኪሎ ዋት ገደማ ያወጣል። ትራክ ላይ ደግሞ ከዙሩ ግማሹን እና ከዚያ በላይ ጋዙ ወለል ላይ ነው። መንገድ ላይ ምንም የማይለው ራዲያተር እዚያ የሚሸነፈው ለዚህ ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። የውሃ ፓምፑ በደቂቃ 100 ሊትር ያዞራል እንበል። ሞተሩ ውሃው ውስጥ 60 ኪሎ ዋት ሙቀት ያስገባል። በዚህ ሁኔታ ውሃው ራዲያተሩን አልፎ ሲወጣ የሚቀንሰው ወደ 9 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ የላይኛው እና የታችኛው ቱቦ ሙቀት ተቀራራቢ ሆነ ብላችሁ «ራዲያተሩ አይሠራም» አትበሉ።

«ውሃው በፍጥነት ስለሚያልፍ አይቀዘቅዝም» የሚለው የጋራዥ ወሬም መሠረት የለውም። ውሃው ቀስ ሲል ከታች የሚወጣው በርግጥ የበለጠ ይበርዳል። ግን ጠቅላላ የሚጣለው ሙቀት ይቀንሳል፣ ሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃም ይብሱን ይግላል። የውሃውን ፍሰት ሆን ብሎ ማነቅ ምንም ጥቅም የለውም።

2. ሳትገዙ ለኩ

ዳሽቦርድ ላይ ያለውን መርፌ አትመኑ። በብዙ መኪኖች መርፌው ከ80 ምናምን እስከ 100 ምናምን ዲግሪ ድረስ መሃል ላይ ተገትሮ እንዲቆይ ተደርጎ ነው የተሠራው። ነጂው እንዳይጨነቅ ተብሎ ነው። መርፌው ሲንቀሳቀስ ነገሩ አልፏል ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ወዲህ የተሸጡ መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ ሁለት የሚባል የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ መሰኪያ አላቸው። ርካሽ የብሉቱዝ አንባቢ እና ስልክ ካላችሁ የውሃውን ሙቀት በቁጥር ታያላችሁ፣ መመዝገብም ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ለተሠራ መኪና የራሱ ሴንሰር ያለው ጌጅ ግዙ። ይህ ወጪ ከራዲያተሩ ይቀድማል። ከቻላችሁ የሞተር ዘይቱንም ሙቀት ለኩ።

የምትመዘግቡት ሦስት ነገር ነው፦ የውሃው ሙቀት፣ የውጭው አየር ሙቀት እና ሙቀቱ መውጣቱን ያቆመበት ዙር። የመጨረሻው ዋናው ነው። ሙቀቱ ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ይረጋል ወይስ ሴሽኑ (ትራክ ላይ የምትነዱበት ተራ) እስኪያልቅ መውጣቱን ይቀጥላል? ካልረጋ ማቀዝቀዣው ከሞተሩ ጋር እኩል እየሄደ አይደለም።

ከረጋ ደግሞ በጣም ጠቃሚ ቁጥር አገኛችሁ። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በኋላ በውሃው እና በውጭው አየር መካከል ያለው ልዩነት ብዙም አይለወጥም። ሚያዝያ ላይ አየሩ 20 ዲግሪ ሆኖ ውሃው 96 ላይ ቢረጋ ልዩነቱ 76 ነው። ሐምሌ ላይ አየሩ 35 ሲሆን በዚያው አነዳድ 111 አካባቢ ጠብቁ። በብርድ ቀን ፈትኖ «ችግሬ ተፈታ» ያለ ሰው በጋ ላይ የሚደነግጠው ይህን ስለማያሰላ ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ ለምትነዱት ደግሞ ሒሳቡን በ40 ጀምሩት።

እኔ የምጠቀምበት መስመር ይህ ነው። እስከ 100 ዲግሪ ሰላም ነው። 105 ላይ ዓይኔን እጥላለሁ። 110 ከደረሰ ጋዝ እቀንሳለሁ፣ ቀደም ብዬ ማርሽ እጨምራለሁ። 115 ላይ ከትራኩ እወጣለሁ። የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አንዴ ከተጣመመ የራዲያተር ዋጋ ቀልድ ይሆናል።

ሙቀቱ የሚወጣበት ጊዜም ችግሩ የት እንዳለ ይነግራችኋል። ቆማችሁ ወይም ፒት (ከትራኩ ጎን ያለው የመኪና ማቆሚያ) ውስጥ በዝግታ ስትሄዱ የሚግል፣ ስትሮጡ ግን የሚበርድ ከሆነ ፋኑን ፈትሹ። ቆሞ ደህና ሆኖ በፍጥነት ሲኬድ የሚግል ከሆነ የአየር መንገዱ፣ የተደፈነ ኮር (ቱቦና ፊን ያለበት የራዲያተሩ መሃል) ወይም በመምጠጥ የሚጣበቅ የታችኛው ቱቦ ነው። በድንገት ዘሎ ውሃውን ወደ መጠባበቂያው ጠርሙስ የሚተፋ ከሆነ የቴስታታ ጋስኬት ጠርጥሩ። ይህን የሚለይ ርካሽ መሞከሪያ አለ። ሰማያዊው ፈሳሽ ከራዲያተሩ አፍ በሚወጣው ጋዝ ወደ ቢጫ ከተቀየረ የቃጠሎ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው። ያኔ የትኛውም ራዲያተር አያድናችሁም።

3. ያለውን ፈትሹ

የራዲያተሩ ክዳን ይቅደም። ላስቲኩ የደረቀ ወይም የተሰነጠቀ ክዳን ግፊት አይይዝም። ግፊት ካልያዘ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሳትከራከሩ ቀይሩት።

ጎማ ቱቦዎቹን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ። ያበጠ፣ የለሰለሰ ወይም ጫፉ ላይ የተሰነጣጠቀ ካለ ይቀየር። የራዲያተሩን ፊት በባትሪ እያበራችሁ እዩ። የትራክ መኪና ራዲያተር የተነቀለ የጎማ ፍርፋሪ ይሰበስባል፤ ነፍሳቱና ጠጠሩ ሳይቆጠር። ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ውሃ እጠቡት። በከፍተኛ ግፊት ከታጠበ ፊኖቹ (በቱቦዎቹ መካከል ያሉት ስስ ቅጠሎች) ይተኛሉ።

የሚያታ ባለቤቶች አንድ የሚያውቁት ምልክት አለ። የፋብሪካው ራዲያተር የላይኛው ታንክ ፕላስቲክ ነው፣ ሲሠራ ጥቁር ነው። እያረጀ ወደ ቡኒ ወይም ወደ አረንጓዴ ቡኒ ይሄዳል። ቀለሙ ከተቀየረ ሊሰነጠቅ ነው። ይዛችሁት ትራክ አትግቡ።

ከመኪናው ሥር ያለው ፕላስቲክ ሽፋንስ አለ? ዘይት የቀየረ ሰው ብዙ ጊዜ አውልቆት አይመልሰውም። ፍሳሽ መከላከያ ብቻ ይመስላል። ሥራው ግን ከባድ ነው። ከሥር የሚሄደው አየር ወደ ሞተሩ ክፍል ገብቶ ከራዲያተሩ ኋላ ግፊት እንዳይፈጥር ይከለክላል። እሱ ሲጠፋ ሚያታ ሀይዌይ ላይ እንኳ ሊግል ይችላል።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የሚመክሯችሁ ሰዎች አይጠፉም። አትስሙ። ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገያል፣ በብዙ ሞተሮችም የፍሰቱ አቅጣጫ ይዛባል። ዝቅ ባለ ሙቀት የሚከፈት ቴርሞስታት ማድረግ ይቻላል። ግን እሱም የሚሰጣችሁ ዝቅ ያለ መነሻ ብቻ ነው። ሙቀቱ የሚረጋበትን ቦታ አይለውጥም።

4. አየሩን አስተካክሉ

ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ራዲያተር የሚያቀዝቅዘው ከፊቱ በሚደርሰው አየር አይደለም፤ በውስጡ በሚያልፈው ነው። አየር ደግሞ ሰነፍ ነው። በፊኖቹ መካከል ከመጋፋት በጎን ባለው ክፍተት ሾልኮ መሄድ ይመርጣል። ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሁሉ ለእሱ በር ነው።

ባምፐሩን አውልቁና ከፊት ቀዳዳው እስከ ራዲያተሩ ያለውን መንገድ እዩ። ግራና ቀኝ፣ ከላይ፣ ከታች። ክፍት የሆነውን በሙሉ በቀጭን የአሉሚኒየም ላሜራ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ዝጉ። ጠርዝ ጠርዙን ሙቀት በሚችል ስፖንጅ ሙሉት። የማስታወቂያ ሰሌዳ የሚሠራበት ፕላስቲክ በመቀስ ስለሚቆረጥ መጀመሪያ በእሱ ሞክሩ፣ ልኩን ካገኛችሁ በኋላ ላሜራውን ቁረጡ። ይህ ሥራ አንድ ከሰዓት ይፈጃል፣ ወጪው የምሳ ዋጋ ነው። ራዲያተር ከመቀየር የበለጠ ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜም ብዙ ነው።

የፊት ቀዳዳው የራዲያተሩን ስፋት ማከል አለበት ብላችሁ ባምፐሩን አትቁረጡ። መንገዱ በደንብ ከታሸገ እና ቀስ እያለ ከሰፋ፣ የኮሩን ስፋት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚያህል ቀዳዳ ሊበቃ ይችላል። አየሩ እየሰፋ በሚሄድ መንገድ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ኮሩን የሚያሻግረውም ይኸው ግፊት ነው።

ቀዳዳው ፊት ያለውን ነገር ቀንሱ። ታርጋ፣ ተጨማሪ መብራት፣ የጌጥ ወንፊት። የኤር ኮንዲሽነሩ ኮንደንሰር ከራዲያተሩ ፊት ተደርቦ ነው ያለው። መኪናው ለትራክ ብቻ ከሆነ ማውጣቱ ይጠቅማል። ወደ ሥራ የምትሄዱበት ከሆነ ግን ተዉት፤ ሐምሌ ላይ ዲሲን የሚዞረው ሀይዌይ፣ ቤልትዌይ ላይ ስትቆሙ ትረግሙኛላችሁ። የዘይት ማቀዝቀዣ የምትጨምሩ ከሆነም ከራዲያተሩ ፊት አትደርቡት። ከቻላችሁ የራሱ የአየር መንገድ በጎን ስጡት።

መግቢያው ከተስተካከለ መውጫው ይከተላል። የገባ አየር የሚወጣበት ካላገኘ አይገባም። ከራዲያተሩ ትንሽ ኋላ፣ በኮፈኑ የፊት ክፍል ላይ መውጫ መክፈት በጣም ውጤታማ ነው፤ መኪናው ሲሮጥ እዚያ አካባቢ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ኮፈኑን ከኋላ በኩል በዋሸር ከፍ ማድረግ ግን ተቃራኒው ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ቦታ ግፊቱ ከፍተኛ ነው። በዝግታ ስትሄዱ ሙቅ አየር ሲወጣ ታያላችሁ፣ ስትሮጡ ግን አየር በዚያ ይገባል። ለካቢን የሚሆነውን አየር መኪና ሠሪዎች ከዚያ ቦታ የሚወስዱት በአጋጣሚ አይደለም።

በግምት መሥራት ለማይወዱ ርካሽ መለኪያ አለ። ቀጭን፣ የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ ግዙ። መሃሉን በዩ ቅርጽ ሰሌዳ ላይ አስራችሁ ቀለም ያለው ውሃ ጨምሩበት። አንዱን ጫፍ ከራዲያተሩ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው አድርጉ። ጫፎቹ ነፋሱን ፊት ለፊት እንዳይቀበሉ ወደ ጎን ይዙሩ። በሁለቱ ክንድ መካከል ያለው የውሃ ከፍታ ልዩነት አየሩን በኮሩ የሚገፋው ግፊት ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ነፋሱ በጠቅላላ የሚሰጠው ግፊት ወደ 47 ሚሊ ሜትር ውሃ ነው፤ በ160 ወደ 120 ይደርሳል። ይህን ሁሉ አታገኙም። ግን ክፍተቶቹን ከመዝጋታችሁ በፊትና በኋላ በእኩል ፍጥነት ለክታችሁ ብታወዳድሩ የሠራችሁት ሥራ ዋጋው ይታያል። ንባቡን ጎን የተቀመጠው ሰው ይያዘው እንጂ ነጂው አይሞክረው።

ፋኑን በተመለከተ አጭር ነገር ብቻ። በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄዱ ፋን ብዙም አይጨምርም። ሙሉ ኮሩን የሚሸፍን የፋን ሽፋን ካለው ደግሞ በፍጥነት ላይ መንገድ ይዘጋል፤ ሽፋኑ ላይ በነፋስ የሚከፈቱ የላስቲክ በሮች ቢኖሩት ጥሩ ነው። ፋኑን ጨርሶ ማውጣት ግን አልመክርም። ከሴሽን ወጥታችሁ ፒት ውስጥ ስትሰለፉ ያስፈልጋችኋል።

ሚያታ ለያዛችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር። ይህ ሞተር መጀመሪያ የተሠራው ወደ ጎን ተጋድሞ ለሚቀመጥበት የፊት ጎማ ነጂ ማዝዳ ነው። ሚያታ ውስጥ በቁመት ሲገባ የውሃው መውጫ ከቴስታታው ኋላ ወደ ፊት ተዛወረ። ስለዚህ ውሃው ከፊት ይገባል፣ ከፊት ይወጣል። ኋላ ያለው አራተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው ፍሰት ያነሰ ነው። ጌጁ ደህና ሙቀት እያሳየ ኋላው ሊግል ይችላል። መፍትሔው ቴርሞስታቱን እና መውጫውን ወደ ቴስታታው ኋላ የሚመልስ ኪት ነው። በኋለኞቹ ዓመታት ማዝዳ ራሱ ጋስኬቱን ቀይሮ ፍሰቱን አሻሽሏል። ቱርቦ ላለው ወይም በጋ ላይ አዘውትሮ ለሚነዳ ሰው ይህ ኪት ከትልቅ ራዲያተር ይቀድማል ባይ ነኝ።

5. አሁን ራዲያተሩን ምረጡ

ከውፍረት በፊት ስፋት ይታይ። ፊት ለፊት ለነፋሱ የሚጋለጠው ስፋት ሲጨምር አዲስ ቀዝቃዛ አየር የሚያገኝ ኮር ይጨምራል። ውፍረት ሲጨምር ግን ኋላ ያለው ክፍል የሚያገኘው ፊተኛው ያሞቀውን አየር ነው። ከዚያም በላይ ወፍራም ኮር ለአየሩ የበለጠ እንቅፋት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ራዲያተር የ25ቱን እጥፍ አያቀዘቅዝም። አየሩ ካልተስተካከለ ጭራሽ ሊያንስ ይችላል። መኪናችሁ ሰፋ ያለ ራዲያተር የሚያስገባ ከሆነ እሱን ውሰዱ። ሚያታ አፍንጫው ጠባብ ስለሆነ ምርጫችሁ ባብዛኛው የውፍረት ይሆናል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ሞተሩ ያልተነካ ከሆነ እና ትራክ የምትወጡት በዓመት ጥቂት ጊዜ ከሆነ፣ አዲስ የፋብሪካ ዓይነት ራዲያተር ከጥሩ የአየር ማሸጊያ ጋር ሊበቃችሁ ይችላል። ብዙ ሰው ሃያ ዓመት ያገለገለ የተደፈነ ራዲያተር አውጥቶ ወፍራም ያስገባና ምስጋናውን ለውፍረቱ ይሰጣል። አዘውትሮ ለሚነዳ 36 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ሙሉ አሉሚኒየም ምርጥ ነው። ከ50 በላይ የሆነውን ለቱርቦ እና ለሱፐርቻርጀር ተዉት። እሱንም ቢሆን ፋኑ የሚገባበት ቦታ መትረፉን ለክታችሁ።

ስለ ማቴሪያሉ ክርክር አለ። መዳብ ከአሉሚኒየም የበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል፣ እውነት ነው። ግን የመዳብ ራዲያተር ቱቦዎች ጠበብ ያሉ ናቸው፣ የሚያያዙት በእርሳስ ብየዳ ነው፣ ክብደቱም ብዙ ነው። አሉሚኒየም ጠንካራ ስለሆነ ሰፋፊ ቱቦ መሥራት ይቻላል፣ ሰፊ ቱቦ ደግሞ ፊኑን በረጅሙ ይነካል። «ባለ ስንት ረድፍ ነው?» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ባለ ሁለት ረድፍ ሰፊ ቱቦ ባለ አራት ረድፍ ጠባቡን በቀላሉ ይበልጣል።

ፊኖቹ ምን ያህል ቀረብ ቀረብ እንዳሉ ጠይቁ። በአንድ ኢንች ውስጥ ብዙ ፊን ያለው ኮር በወረቀት ላይ የተሻለ ነው። አየር በኃይል የማያገኝ ከሆነ ግን ይታነቃል፣ የጎማ ፍርፋሪም ቶሎ ይይዛል። መንገድም ትራክም ለሚሄድ መኪና መሃከለኛውን ውሰዱ።

ውሃው ኮሩን ሁለቴ እንዲያቋርጥ የተደረጉ ራዲያተሮችም አሉ። በቱቦው ውስጥ ያለው ፍጥነት እጥፍ ይሆናል፣ ይህ ጥሩ ነው። ግን መንገዱም እጥፍ ይረዝማል፣ ፓምፑ የሚገጥመው እንቅፋት በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ፓምፑ ጠንካራ መሆኑን ካላወቃችሁ ተራውን፣ አንዴ የሚያልፈውን ግዙ።

ርካሹን ከጥሩው የሚለየው አሠራሩ ነው። ፎቶ ላይ ሁሉም ያበራል። ቱቦዎቹ ከታንኩ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ በአፉ በኩል አይታችሁ ሙጫ የመሰለ ነገር ካገኛችሁ ተዉት። ጥሩ ራዲያተር እቶን ውስጥ ገብቶ ቱቦውም ፊኑም አንድ ላይ የተበየደ ነው። ፊኑ ቱቦውን በደንብ ካልነካ በመሃል ያለው ክፍተት ሙቀት ይከለክላል። በጣት ነካ ነካ ስታደርጉት የሚንቀሳቀስ ፊን ካለ መልሱት። ኮዮራድ፣ ሲኤስኤፍ እና ሚሺሞቶ ለዚህ መኪና የሚሆን ከሚሠሩት ውስጥ ናቸው። ስም ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ የኮሩን ልክ እና ውፍረት በሚሊ ሜትር፣ የዋስትናውን ጊዜ እና ትራክ ላይ ሲውል ዋስትናው መጽናቱን ጠይቁ።

መያዣዎቹ፣ የቱቦ አፎቹ፣ የፋን ማሰሪያ ቀዳዳዎቹ ከፋብሪካው ጋር አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ። «በትንሽ ማስተካከያ ይገባል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ትንሿ ማስተካከያ ቅዳሜ እና እሑዳችሁን ትበላለች።

6. ውሃ፣ ክዳን

ለማቀዝቀዝ ንጹሕ ውሃ ከውሃ እና ግላይኮል (አንቲፍሪዝ) ድብልቅ ይሻላል። የበለጠ ሙቀት ይሸከማል። ግላይኮል የሚጨመረው ውሃው በረዶ እንዳይሆን፣ የመፍላት ደረጃው ከፍ እንዲል እና ዝገት እንዲከለከል ነው። ትራክ ላይ ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ ሲፈስ አስፋልቱን ያንሸራትታል፣ በውሃም በቀላሉ አይለቅም። ብዙ የውድድር ድርጅቶች የሚከለክሉት ለዚህ ነው። የምትሄዱበትን ትራክ ደንብ አስቀድማችሁ አንብቡ።

ስለዚህ በትራክ ወቅት የተጣራ ውሃ እና ዝገት መከላከያ ተጠቀሙ። የቧንቧ ውሃ አታስገቡ፤ ማዕድኑ ኮሩ ላይ ይጋገራል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ወደ ድብልቁ ተመለሱ። የዲሲ አካባቢ ታኅሣሥ ጨዋታ አይደለም። ውሃ ብቻ ያለበት ሞተር ውጭ አድሮ ውሃው በረዶ ቢሆን ብሎኩ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ክዳን ላይ የተጻፈው ቁጥር ግፊት ነው። በባሕር ወለል ከፍታ የ0.9 ባር ክዳን ንጹሕ ውሃን እስከ 119 ዲግሪ ሳይፈላ ያቆየዋል። 1.1 ባር ወደ 122፣ 1.3 ባር ወደ 125 ያደርሰዋል። አዲስ አበባ ለምትነዱት ግን ቁጥሩ ይለያል። እዚያ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያው 1.1 ባር ክዳንም ወደ 118 ይወርዳል። አየሩም ሳሳ ያለ ስለሆነ ከኮሩ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል፤ ደግነቱ ቱርቦ የሌለው ሞተርም በዚያ ከፍታ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ከ1.3 በላይ አትውጡ። ያረጁ ቱቦዎች እና የማሞቂያው ትንሿ ራዲያተር አይችሉትም።

7. ግጠሙ፣ አየሩን አስወጡ

ራዲያተሩ በላስቲክ ላይ ይቀመጥ። በብረት ከታሰረ መንቀጥቀጡ ብየዳውን ይሰነጥቀዋል። የቱቦ ማሰሪያዎቹን አዲስ አድርጉ።

ስትሞሉ የመኪናውን አፍንጫ ከፍ አድርጉ፤ የራዲያተሩ አፍ ከሁሉም በላይ መሆን አለበት። የካቢኑን ማሞቂያ ሙሉ ክፈቱ። ክዳኑን ሳትዘጉ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሱ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ጠብቁ። ዝቅ ሲል ጨምሩ። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ። አረፋ ሲያቆም ዝጉት። ነገ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ እንደገና ከፍታችሁ እዩ፣ ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጎድላል። የአየር ኪስ ያለበት ሞተር ከምርጥ ራዲያተር ጋርም ይግላል።

አሉሚኒየም ሌላ ጠላት አለው፤ መንገድ የሳተ ኤሌክትሪክ። መልቲሜትር ያዙ። አንዱን ዘንግ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ብረት ሳይነካ ውሃው ውስጥ አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ፣ ፋኑም መብራቱም በርቶ ከ0.1 ቮልት በላይ ካነበባችሁ የሆነ ቦታ መሬት የያዘው ሽቦ ላልቷል። ካልተስተካከለ አዲሱ ራዲያተር በወራት ውስጥ ይበሳል።

8. እንደገና ለኩ

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በመጠኑ ንዱ። ከዚያ እንደ ወትሮው። ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ከቀድሞው ጋር አስተያዩ። 76 የነበረው 62 ከሆነ በ35 ዲግሪ ቀን 97 ላይ ትረጋላችሁ ማለት ነው፤ በልተው የሚያድሩበት ቁጥር ነው። ከ70 ካልወረደ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ። የሆነ ቦታ አየር ይሾልካል።

ውሃው ተስተካክሎ ዘይቱ ከ135 ዲግሪ በላይ የሚወጣ ከሆነ ሥራው አላለቀም። ያኔ የሚያስፈልገው የዘይት ማቀዝቀዣ ነው፤ ሌላ ራዲያተር አትግዙ።

ሴሽኑ ሲያልቅ የመጨረሻውን ዙር በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ አርፒኤም (የሞተር ዙር በደቂቃ) ንዱት። ፒት ገብታችሁ ኮፈኑን ክፈቱ፣ ሞተሩን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ተዉት ይሥራ። ፍሰቱ ወዲያው ከቆመ ቴስታታው ውስጥ የቀረው ሙቀት ውሃውን ያፈላዋል። ክዳኑን ግን ቱቦው በእጅ ሲጨመቅ እስኪለሰልስ ድረስ አትንኩት።